የጉዞው ምክንያት

ባለፈው ዓመት ልጄን ልጠይቅ ከአገር ወጥቼ ነበር። ከአውሮፕላን እንደወረድን ያስገቡን አዳራሽ ስፋቱ የእኛን የቢቸናን ገበያ ያክላል፤ ሰዉም እንደዚያው። ፓስፖርት የሚያዩት ሰዎች ከወዲያኛው ጫፍ በየመስኮታቸው ተቀምጠዋል፤ እኛ ደግሞ ከወዲህ። መሀል ላይ የተወጠረው ገመድ መስኮቱ ጋ ደረስኩ ሲሉ ያዞርና መልሶ ወደ መጡበት በር ይወስድዎታል። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አዋቂዎች ይነጫነጫሉ፣ የቀረው ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሰልፍ ላይ ስቆም የማየው ነገር አላጣም። ማን እንደሚሾልክ፣ ማን እያየ እንዳላየ እንደሚሆን፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ ማየት እወዳለሁ። ልጄ ይህን ስነግራት «አባዬ፣ አንተ ጤነኛ አይደለህም» ብላ ትስቃለች።

ከሁለት ሰዓት በላይ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት ቀና ሳይል «የጉዞዎ ምክንያት ምንድን ነው?» አለኝ። መልሱ ቀላል ነው። እኔ ግን አፌ ተያዘ። ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝና ጥያቄውን ደገመው። በመጨረሻ «ልጄን ለመጠየቅ» አልኩትና ማኅተሙን መታልኝ። ያን ያህል ያመነታሁት የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ ሞጣ መግቢያ ኬላ ላይ፣ ይኸው ጥያቄ አንድ ጊዜ ጉድ አድርጎኝ ስለነበር ነው።

ያኔ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ። ገና አላገባሁም፤ እናቴ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። ሞጣ ታላቅ እህት ነበረቻት። እናቴ «እትዬ» ስለምትላት እኔም አክስቴን የምጠራት እትዬ እያልኩ ነው። እንዲህ የምትጠራትን እህቷን ግን ለሰባት ዓመት በዓይኗ አላየቻትም ነበር፤ ተቀያይመዋል።

ቅያሜው የመጣው ከአያቴ ሞት ነው። አያቴ ሞጣ ያረፈችው በክረምት ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኖ አውቶቡስ ከቆመ ሰንብቷል። እናቴ እኩሉን በበቅሎ፣ እኩሉን በእግሯ ተጉዛ ስትደርስ ቀብሩ አልፎ ሰልስቱ ሆኗል። እያለቀሰች ስትገባ እትዬ ከለቀስተኛው ፊት ተነሥታ፣ «አንቺ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጪ፤ ቀባሪዎቹ እኛ ነን» አለቻት። እናቴ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጠች። በማግስቱ ወደ ቢቸና ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሞጣ የሚባል አገር እንደሌለ አድርጋ ኖረች። እኔ ግን ማታ ማታ ስትጸልይ ከምትጠራቸው ስሞች የእህቷ ስም አንድም ቀን ሲቀር አልሰማሁም።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን፣ ከሞጣ በቅሎ ሊሸጥ የመጣ ሰው ቤታችን ጎራ አለ። እትዬ ታማለች፤ ስምሽን እየጠራች ነው አላት። እናቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠችና ትኩር ብላ አየችው። በእኛ አገር የሞት ወሬ በግልጥ አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው «ታሟል፣ ድረስ» ተብሎ ይጠራል፤ መርዶው የሚነገረው በኋላ፣ ዘመድ አዝማድ ከብቦት ነው። ስለዚህ «ታማለች» የሚለው ቃል በራሱ ያስደነግጣል።

«ታማ ነው ወይስ ሌላ ነው?» አለችው።

«ታማ ነው።»

«ልጅህ ይሙት በለኝ።»

«ልጄ ይሙት! ከትናንት ወዲያ ከመነሣቴ በፊት አጥሚት ስትጠጣ በዓይኔ አይቻት ነው የመጣሁት።»

ሦስት ጊዜ አስማለችው። ሲሄድ ወደ እኔ ዞራ፣ «ነገ እንሄዳለን። አሁንስ አልዘገይም» አለች። እኔም ይህችን ሴት ነገ ሞጣ ካላደረስኳት ዕድሜ ልኬን ፊቷን ማየት እንደማልችል ገባኝ።

ችግሩ ያን ጊዜ ከወረዳ ወረዳ የሚሄድ ሰው ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። አውቶቡሱ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚሄደው፤ የነገው ካመለጠን ቀናት መጠበቃችን ነው። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ተነሥተን ቀበሌ ስንደርስ ሰልፉ ከአጥሩ ወጥቶ መንገድ ይዟል። ሰልፍ ስል ሰው ብቻ አይደለም። እኩሌታው ድንጋይ ነው። ማለዳ የመጣ ሰው ድንጋዩን በቦታው ያስቀምጥና ጉዳዩን ሊያደርስ ይሄዳል፤ ተመልሶ ከድንጋዩ አጠገብ ይቆማል። ሰው በሰው ይጣላል እንጂ የሰውን ድንጋይ የነካ አላየሁም። አንዲት ሴት በድንጋይ ፈንታ መቀነቷን አስቀምጣ ሄዳ፣ ከኋላዋ የነበሩት ሽማግሌ ነፋስ እንዳይወስድባት በዱላቸው ጫፍ ተጭነው ሲጠብቁላት ነበር። እንዲህ ያለውን ሳይ ጊዜው ይሄድልኛል። ያን ዕለት ግን ቆጠርኩ። ከፊቴ ያለው ሰውና ድንጋይ ተደምሮ አርባ ይሆናል።

እናቴ እግሯን ስለሚያማት ራቅ ብላ ከግንቡ ሥር ተቀምጣለች። ከፊት ለፊቴ የቆሙት አዛውንት ቄስ ዞር ብለው እሷን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። አጠገባቸው ላለችው ሴት አንሾካሾኩላት። ሴትየዋም ዞራ አየች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሰው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ እናቴን ማየት ጀመረ። ምን አይተው ነው ብዬ እኔም ዞርኩ። ለካስ እናቴ በችኮላ፣ በድንግዝግዙ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ታች መውደቅ የነበረበት ጥለት አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

ሴትየዋ ጠጋ አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለች።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። የነጠላ ነገር ነው፣ ተሳስታ ነው ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን አርባው ሰውና ድንጋይ ከፊቴ አለ። ፀሐይዋም ወጥታለች።

«አክስቴ» አልኩ።

ቃሉ ካፌ ሲወጣ ያልከበደኝ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቄሱ ወዲያው «እለፍ ልጄ፣ እለፍ» ብለው ክንዴን ያዙ። ሰዉ ግራና ቀኝ ለቀቀልኝ። ያ ሁሉ ድንጋይ ባለቤቶቹ ሳይኖሩ እንኳ መንገድ የሰጠኝ መሰለኝ። ጸሐፊው ቅጹን ይዞ «የጉዞ ምክንያት?» ሲል እኔ ገና ሳልመልስ ቄሱ ከኋላዬ ሆነው፣ «ለቅሶ ነው፤ ጻፍላቸው፣ አታቁማቸው» አሉት። ጸሐፊው «ለለቅሶ» ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙንም መታ። እኔም ሁለቱን ወረቀት ተቀብዬ ወጣሁ።

ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ እናቴን፣ «እማዬ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽዋል» አልኳት። እጇ አንገቷ ላይ ሲደርስ እሳት የነካች ያህል ደነገጠች። «ወይኔ! እህቴን በቁሟ! ማን አየኝ?» አለች።

«ማንም አላየሽ።»

ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሦስት ጊዜ አማትባ፣ ወደ ጎን እንትፍ እንትፍ አለች። የይለፍ ወረቀቷን ሰጠኋት። ማንበብ ስለማትችል አጣጥፋ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል እዚያው ተደብቆ እንደሚቀር ነበር ያሰብኩት።

መንገዱን ሙሉ እናቴ ምን ብላ እንደምትጀምር ስታጠና ሄደች። «‹እትዬ፣ ጭቃው ነው ያስቀረኝ› ልበላት?» ትለኛለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ምን እሷ ጭቃውን አታውቀው! ዝም ብዬ እግሯ ላይ ልውደቅ?» ትላለች። ደብረ ወርቅን አልፈን ስንሄድ «አንተ የተማርክ ነህ፤ ሰው ሲታረቅ መጀመሪያ ምንድን ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው» አልኳት። ያን ያህል ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ አሳዘነችኝም፣ ወደድኳትም።

ከሰዓት በኋላ ሞጣ መግቢያ ኬላው ጋ ደረስን። ሁላችንም ወረድንና ተሰለፍን። ኬላውን የሚጠብቀው አብዮት ጠባቂ ጎልማሳ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ወረቀት ይቀበላል። ሰልፉ ለምን እንደማይንቀሳቀስ አንገቴን አስግጌ ስመለከት ነገሩ ገባኝ። ሰውየው በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የቻለ አዲስ አንባቢ ነው። የደረሰውን ወረቀት ሁሉ ከላይ እስከ ታች፣ ፊደል በፊደል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ማኅተሙ ላይ የተጻፈውንም አይምርም፤ ወረቀቱን እያዞረ ዙሪያውን ያነበዋል። በዚህ ሰልፍ ላይ የማይታወቅ የሰው ጉዳይ አልነበረም። አንዱ ለጥርስ ሕክምና፣ አንዱ የጠፋች ላም ፍለጋ፣ አንዷ ምራቷን ልታርስ መሄዷን ሁላችንም ሰማን። እኔማ ደስ እያለኝ አዳመጥኩ። እንዲህ ዓይነት አንባቢ የእኔ ተማሪ በሆነ ብዬም ተመኘሁ። የእናቴ ወረቀት ላይ ያለው ነገር ትዝ ያለኝ ከፊቴ ሆና እጇን ወደ ጡቷ ስትልክ ነው።

«እማዬ፣ ቆይ፣ እኔ ልስጠው» አልኩ። ዘግይቻለሁ።

ስሟን አነበበ። ዕድሜዋን አነበበ። ከዚያም ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየሳበ፣ «የ… ጉ… ዞ… ምክንያት፤ ለ… ለ… ለለቅሶ» አለ። ያነበበው ሲገባው ከበርጩማው ተነሣና ቆቡን አወለቀ። «እግዜር ያጥናዎ፣ እናቴ» አላት።

እናቴ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ሰውየውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ አልሞተችም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስጻፍኩት። ሰልፉ እንዳይ… ነጠላሽን ዐይተው… እትዬ አልሞተችም!»

እኔ ስንተባተብ እሷ ነገሩን ጨርሳ ተረድታዋለች። «ታማለች» ብለው ጠርተዋታል። ልጇ ቀድሞ ሰምቶ መንገዱን ሁሉ ደብቋታል። ጠዋት እንዲያ ሰልፍ አቋርጠን ማለፋችንም ለዚሁ ኖሯል። ለማንም የአገራችን ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። «አልሞተችም» ማለቴም ያው ሰው ሁሉ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚለው ነው። እናቴ ነጠላዋን በገዛ እጇ አዘቅዝቃ፣ «እትዬ! ደግሞ ቀረሁብሽ!» ብላ ጮኸች።

የጠዋቱ ቄስ በዚያው አውቶቡስ አብረውን መጥተው ነበር፤ እናቴን ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ ስላዩዋት መርዶውን የደበቅኳት መስሏቸው ከሰልፉ ወጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ከእንግዲህማ አውቃለች፤ መደበቁ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«አባቴ፣ በእውነት በሕይወት ናት!»

«ይሁን፣ ይሁን» አሉ፤ የእኔም ነገር አሳዝኗቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አብዮት ጠባቂው የቀረውን ወረቀት ሳያነብ ገመዱን አነሣ። ላም ፈላጊው፣ የጥርስ ሕመምተኛው፣ ምራቷን ልታርስ የመጣችውም ሁሉ እናቴን ተከተሉ። የእትዬ ቤት ከኬላው ሩቅ አልነበረም። በየደጁ ያለ ሰው ጩኸቱን እየሰማ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ይቀላቀለናል። «ዛሬ ጠዋት እኮ በራፏ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አይቻታለሁ!» ትላለች አንዷ። «ድንገት ነዋ!» ትላታለች ሌላዋ። ሮጬ ልቅደም እንዳልል እናቴ እንዳትወድቅ ደግፌያታለሁ። እዚያ መሀል፣ አፍሬ ከመሞት በላይ ሆኜ እንኳ፣ ይህ ሁሉ ሰው ከአንድ ቃል ተነሥቶ እንዴት እንደተሰበሰበ እያየሁ ከመገረም አልዳንኩም።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የነበረው ቃል ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። ጭቃውን፣ በቅሎዋን፣ ከእንግዶቹ ጋር መቀመጧን፣ ሰባቱን ዓመት ሁሉ አንድ በአንድ አነሣች። ሙሾም አወረደች።

«እናቴን በዝናብ፣ አንቺን በሰልፍ አጣሁ፤
ሁልጊዜ ረፍዶብኝ ከደጃፍሽ መጣሁ።»

ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱ። በዚህ መሀል በሩ ተንቋቋና ተከፈተ። እትዬ በከዘራ ተደግፋ፣ ከስታ፣ ነጠላዋን እንደ ሁላችን አዘቅዝቃ ብቅ አለች። የለቅሶ ድምፅ ሲሰማ የሰፈሯ ሰው ሞቶ መስሏት ከአልጋዋ ተነሥታ ልትደርስ ኖሯል።

«ኡኡ፣ ምነው? ማን ሞቶ ነው?» አለች።

ቄሱ አማተቡ። እናቴ ቀና ብላ አየቻት፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«አንቺ» አለች በመጨረሻ።

እትዬ ሕዝቡን አየች። መሬት ላይ የተቀመጠችውን እህቷን አየች። ሙሾውን ከአልጋዋ ሆና ሰምታው ነበር፤ ድምፁ የማን እንደሆነ የገባት ግን ያን ጊዜ ይመስለኛል። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ መለየት አቃተኝ።

«በእናታችን ዘገየሽ» አለቻት፤ «በእኔ ደግሞ ቀደምሽ። መቼ ነው አንቺ በሰዓቱ የምትደርሺው?»

እናቴ ተነሥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም እየሳቁ ነው የሚያለቅሱት። «በእንግድነት የተቀመጥሽው ዕለት አንጀቴ ተቆርጧል፤ አፌን ምን እንደያዘው እንጃ» ስትል ሰማኋት እትዬን። ሰዉም ነጠላውን እያስተካከለ፣ እየተሳሳቀ፣ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ታማሚ ጠያቂ ሆኖ ገባ። እኔ ውጭ ቀረሁ። አብዮት ጠባቂው ኬላውን ትቶ ደርሶ ነበርና አጠገቤ ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ እኔ እንደተጻፈው ነው ያነበብኩት» አለኝ። አንተ ምን አጠፋህ አልኩት።

እናቴ እዚያ አንድ ወር ሰነበተች። እትዬም አገግማ ወጣች ገባች። ልወስዳት መጥቼ ልንመለስ ስንል እናቴ ያን የይለፍ ወረቀት አውጥታ ልትቀድደው ስትል እትዬ እጇን ያዘቻት። «ተይው፣ አስቀምጪው» አለች። «ቀኑ ሲደርስ ትፈልጊዋለሽ። ያኔ ሰልፍ እንዳትቆሚብኝ።» እናቴ ተቆጣች፤ ወረቀቱን ግን አልቀደደችውም። አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ፣ የእትዬ ጎረቤት የላከው ሰው ሌሊቱን በፈረስ ሲጋልብ አድሮ በማለዳ መጣ። እትዬ ታማለች አለ። እናቴ አላስማለችውም። ሣጥኗን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች፤ ነጠላዋን ቀስ ብላ፣ አስባበት፣ አዘቀዘቀች። ቀኑ የአውቶቡስ ቀን ነበር፤ ቀበሌም አልሄድን። እኔ ወረቀቱ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተከትያት ወጣሁ።

ኬላው ላይ የነበረው ያው ሰው ነው። አሁን ማንበቡ ፈጥኗል። ቀኑን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ ምክንያቱን አየ። ቀና ብሎም እናቴን ዐወቃት።

«የማን ለቅሶ ነው፣ እናቴ?» አላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የእህቴ» አለች።

ወረቀቱን አጥፎ መለሰላትና ገመዱን አነሣ። ስንደርስ አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም። እናቴ በሩ ላይ ቆመች፤ እንግዶቹ ወደተቀመጡበት አየች፣ መልሳም ወደ ውስጥ። የእትዬ ልጆች ከአስከሬኑ አጠገብ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት፤ ገብታም እዚያ ተቀመጠች።